ስሟን ይዛ የተሰደደች መንደር

ማታ የቆጵሮስ ደሴት ዋና ከተማ ኒኮሲያ ውስጥ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ተራራ ላይ የሚበራ ባንዲራ ያያል። መደቡ ነጭ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀይ ጨረቃና ኮከብ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ቀይ መስመር አለው። ጨርቅ አይደለም። ርዝመቱ ከ400 ሜትር የሚበልጥ፣ በተራራው ወገብ ላይ በቀለም የተሠራ ምስል ነው። ሲመሽ መብራቶቹ በየተራ ይበሩና ባንዲራውን ከጨለማው ውስጥ ያወጡታል። ከተማዋ በሽቦ ለሁለት የተከፈለች ብትሆንም ባንዲራው ለሁለቱም ወገን እኩል ይታያል። የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ከሽቦው በስተደቡብ ያለው ሰው ሳይወድ በግዱ እንዲያየው።

ተራራውን የደሴቲቱ ግሪኮች ፔንታዳክቲሎስ፣ ቱርኮቿ ቤሽፓርማክ ይሉታል። ሁለቱም “አምስት ጣት” ማለት ነው። በስም ከተጣሉባቸው ብዙ ቦታዎች መካከል በትርጉም የተስማሙበት አንዱ ይህ ነው። ከባንዲራው ግርጌ ያለችው መንደር ግን ዕድሏ እንደዚያ አይደለም። ግሪኮቹ ቩኖ፣ “ተራራ” ይሏታል። አሁን የሚኖሩባት ቱርኮች ደግሞ ታሽኬንት፣ “የድንጋይ ከተማ” ይሏታል። ይህ ሁለተኛው ስም የዚያች መንደር አልነበረም። ሰዎች ከደሴቲቱ ደቡብ ይዘውት የመጡት ነው። ዕቃቸውን ጥለው፣ ወንዶቻቸውን አጥተው፣ ስሙን ግን አልጣሉትም።

ስሙ የተነሣባት መንደር በግሪክኛ ቶኽኒ ትባላለች። ይህ ምዕራፍ የእርሷ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።)

ቶኽኒ ከላርናካ ወደ ሊማሶል በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕሩ ጥቂት ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። በአንዲት ጅረት ሸለቆ ግራና ቀኝ የድንጋይ ቤቶች ተደርድረዋል። ቤተ ክርስቲያኗ የቆመችው ከጅረቱ በላይ፣ ድልድይ ላይ ነው። የአማርኛ አንባቢ የዚህን ምክንያት ሲሰማ አገሩ የገባ ያህል ይሰማዋል፤ ቤተ ክርስቲያኗ የቆስጠንጢኖስና የእናቱ የእሌኒ ናትና። ደመራ የምናበራላት ያችው ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ከኢየሩሳሌም አግኝታ ስትመለስ ቆጵሮስ እንዳረፈች፣ ቶኽኒ ላይም ከዕንጨቱ ክፋይ ትታ ድልድዩንና ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠራች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቆጵሮስ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሌኦንቲዮስ ማኼራስ ተርኳል። እኛ ግማደ መስቀሉ ግሸን ማርያም ነው እንደምንል ሁሉ ቶኽኒዎችም የድርሻቸውን ይዘው ነበር። የእነርሱ መስቀል ግን በ1318 በአንድ የላቲን ቄስ ተሰረቀ ይባላል፤ የተገኘውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መንደሯ በታሪክ ጎላ ብላ የታየችው በዚህ መስቀል ምክንያት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ማንኛዋም መንደር ካሮብና ወይራ እየለቀመች፣ ፍየል እያረባች ኖረች።

ቱርኮቹ ከየት መጡ? ኦቶማኖች ደሴቲቱን ከቬኒስ እጅ የወሰዱት በ1570 እና በ1571 ነው። በ1572 ሱልጣኑ ከአናቶሊያ ቤተሰቦች እየተነሡ እንዲሰፍሩ አዘዘ። ከዘመተው ሠራዊትም መሬት ተሰጥቶት የቀረ አለ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር፤ “እነዚህ ነባር፣ እነዚያ መጤ” ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ የሁለቱም ወገን ብሔርተኞችም የሚወዱት እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው። ነገሩ ግን ውስብስብ ነው። ከነባሩ ሕዝብ የሰለመው ጥቂት አልነበረም። አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ ከግብርና ከውርደት ለማምለጥ፣ አንዳንዱም ንብረቱን ለማዳን ሰለመ።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚስቡት ሊኖባምባኪ የሚባሉት ናቸው። ቃሉ “ተልባና ጥጥ” ማለት ነው፤ አንዱ ድር ሌላው ማግ ሆኖ የተሸመነ ጨርቅ። የተልባ ጭረት የሚፈተልበት አገር ስለሆነ ነው እንጂ እኛ ብንሆን “ሱፍና ጥጥ” እንል ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ለመንግሥት ሙስሊም፣ በጓዳ ክርስቲያን ነበሩ። ልጅ ሲወለድ ይገረዛል፤ ክርስትናም ይነሣል። ሁለት ስም ይወጣለታል፤ ወይም ለሁለቱም ሃይማኖት የሚስማማ አንድ ስም ይመረጥለታል፤ ዩሱፍም ዮሴፍም የሆነ ዓይነት። በረመዳን ይጾማሉ፤ በዐቢይ ጾምም ይጾማሉ። ይህን ማጭበርበር የሚለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን የሚታየኝ በሁለት ጌቶች መካከል የወደቀ ገበሬ የፈለሰፈው የመኖሪያ ዘዴ ነው። ዘዴው የሚሠራው ደግሞ “ከወዲህ ነህ ወይስ ከወዲያ?” ብሎ የሚጠይቅ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነበር።

ጠያቂው ቆጣሪ ሆኖ መጣ።

ኦቶማኖች በ1831 ሕዝቡን ቆጠሩ፤ የቆጠሩት ግን ወንዱን ብቻ ነው። ግብር የሚከፍልና የሚዘምት ወንድ ነበርና ሴቲቱ ለመዝገቡ አታስፈልግም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በ1878 ብሪታንያ ደሴቲቱን ከሱልጣኑ በውል ተረከበች፤ በ1881 ሴቱንም ወንዱንም በሃይማኖት ለይታ ቆጠረች። ጠቅላላው 186,173 ሰው ሆነ፤ ከዚህ 137,631 ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ 45,458 ሙስሊም ነበር። ለሊኖባምባኪ ዓምድ አልተዘጋጀለትም። ሙስሊም የሚል ዓምድ ነበር፤ ክርስቲያን የሚል ዓምድ ነበር። ከዚያ በኋላ በየአሥር ዓመቱ ቆጣሪው በመጣ ቁጥር “ተልባና ጥጥ” የነበረው ሰው ወይ ተልባ ወይ ጥጥ እየሆነ ሄደ። ቆጣሪው ብቻውን ይህን አላደረገም፤ ቄሱም፣ ሆጃውም፣ በተለይ ደግሞ አስተማሪው አግዞታል። ትምህርት ቤቶቹ የተለያዩ ነበሩ። የክርስቲያኑ ልጅ ከአቴና በመጣ መጽሐፍ ግሪክ መሆኑን፣ የሙስሊሙ ልጅ ከኢስታንቡል በመጣ መጽሐፍ ቱርክ መሆኑን ተማረ። አያቶቻቸው በአንድ ምንጭ ሲቀዱ ኖረው “ሮማዊ” ወይም “ሙስሊም” ከመባል በቀር ሌላ ስም አያውቁም ነበር።

“ቅይጥ መንደር” የሚለው ቃል ከዚህ ቆጠራ የወጣ ነው። እስቲ ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበረ እንየው፤ ምክንያቱም ዛሬ አንዱ ገነት አድርጎ፣ ሌላው የተዳፈነ እሳት አድርጎ ይተርከዋል።

በቅይጥ መንደር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሙክታር አለ። ሙክታር በእኛ ጭቃ ሹም ልንለው የምንችለው ነው፤ የግሪኩን ጉዳይ አንዱ፣ የቱርኩን ጉዳይ ሌላው ይጨርሳል። ቡና ቤትም ሁለት ነው፤ የሚጠጣው ቡና ግን አንድ ነው፤ በትንሽ ጀበና ከነአተላው የሚፈላ። አይቡ አንድ ነው፤ አንዱ ሃሉሚ ሌላው ሄሊም ይለዋል። ብዙ ቱርኮች ግሪክኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር፤ ግሪክኛ ብቻ የሚናገሩ ሙስሊም መንደሮችም ነበሩ። ግሪኮቹ ቱርክኛ የሚችሉት ግን ጥቂት ነበሩ፤ ብዛት ያለው ወገን ሁልጊዜ የጎረቤቱን ቋንቋ ለመማር ይሰንፋል። የመስኖ ውሃ በተራ ይለቀቃል። ሰርግ ሲኖር ይጠራራሉ፤ ሲሞት ይለቃቀሳሉ። አንድ በር ግን ዝግ ነበር፤ አይጋቡም። በ1960 ነጻነት ሲመጣ እንኳ ሕገ መንግሥቱ የጋብቻን ጉዳይ ለየሃይማኖቱ ተወው።

እንግዲህ ጉርብትናው እውነት ነበር፤ ግን ጉርብትና ነበር። ሥጋ ዝምድና አልነበረም። ሰላም በሆነ ጊዜ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ይታወቃል፤ አማች የሌለው ወገን አስጥሉኝ የሚለው ሰው ያጣልና።

የቶኽኒ ካሮብ ወደ ባሕሩ ወርዶ ዚጊ በምትባል የወደብ መንደር ይመዘንና ይጫን ነበር። ዚጊ “ሚዛን” ማለት ነው፤ መጋዘኖቹ ዛሬም ቆመዋል። ካሮብ የቆጵሮስ ጥቁር ወርቅ ይባል የነበረ የዛፍ ፍሬ ነው፤ እንደ ባቄላ ቆባ የረዘመ፣ የጠቆረ፣ ጣፋጭ። ከአጠገባቸው ማሪ የምትባል የቱርኮች መንደር አለች። ሌላዋ ጎረቤት ካላቫሶስ ደግሞ የመዳብ ማዕድን ነበረባት። ቶኽኒ፣ ዚጊ፣ ማሪ። እነዚህን ሦስት ስሞች አንድ ላይ እንደገና እንሰማቸዋለን።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሪቻርድ ፓትሪክ የሚባል የመልክዐ ምድር ተመራማሪ የሕዝብ ቆጠራዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ ይህን አገኘ፦ በ1891 በደሴቲቱ 346 ቅይጥ መንደሮች ነበሩ። በ1931 ቁጥራቸው ወደ 252 ወረደ። በ1960 የቀሩት 114 ነበሩ። በ1970 ደግሞ 48።

እነዚህን አራት ቁጥሮች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ብዙ ሰው ቆጵሮስ የተከፈለችው በ1974 በጦርነት ነው ብሎ ያስባል። መሬቷ የተከፈለው ያኔ ነው። መንደሮቿ ግን አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ከ1891 እስከ 1931 ባለው ጊዜ ብቻ፣ ከአራቱ አንዱ ቅይጥነቱን አጥቶ ነበር።

በእርግጥ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። አንድ ቤተሰብ ብቻ የቀረባትም መንደር፣ እኩል በእኩል የሆነችውም መንደር በመዝገቡ “ቅይጥ” ናቸው። አንዲት አሮጊት ስትሞት ወይም አንድ ቤተሰብ ወደ ከተማ ሲወርድ አንድ ቅይጥ መንደር ከዝርዝሩ ይጠፋል። ከቁጥሩ መውረድ ትልቁ ድርሻ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ዕዳ አለ፤ ገበሬው ለአራጣ አበዳሪ መሬቱን ለቆ ይሄዳል። ጋብቻ አለ፤ ጥቂት የሆነው ወገን ለልጁ ባል ፍለጋ የራሱ ሰው ወደሚበዛበት መንደር ይጠጋል። ትምህርት ቤት አለ፤ ለአሥር ልጅ አስተማሪ አይመደብም። ከ1923ቱ የሎዛን ውል በኋላም ሙስሊሞች ቱርክን እንዲመርጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ጥቂት ሺዎች ወደ አናቶሊያ ተሻግረዋል። ሊኖባምባኪዎቹም ወደ አንዱ ወገን ሲጠቃለሉ መንደራቸው በመዝገብ አንድ ወጥ ሆነች።

ከ1931 ወዲህ ያለው ግን ሌላ ነው። በ1955 ኢዮካ የሚባለው የግሪኮች ድርጅት ብሪታንያን አስወጥቶ ከግሪክ ጋር ለመዋሐድ ትጥቅ አነሣ፤ ውሕደቱን ኢኖሲስ ይሉታል። ቱርኮቹ ቲኤምቲ የሚባለውን አቋቋሙና ታክሲም፣ መከፈል አሉ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም መፈክሮች ውስጥ ለቅይጥ መንደር ቦታ የለም። በ1958 የበጋ ወራት ደም ሲፈስ ሰዎች ወደየወገናቸው መሸሽ ጀመሩ። ለመንደሮች የቱርክኛ ስም የማውጣቱ ሥራም በእነዚሁ ዓመታት ተጧጧፈ። ቶኽኒ በቱርክኛ ታሽኬንት የተባለችው ያኔ ነው። ይህ ስም ከአያት የመጣ አልነበረም፤ የተለጠፈ ነበር። የተለጠፈ ስም ግን ሰው ሲለቀስበት እውነተኛ ስም ይሆናል።

በ1960 ነጻነት መጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 573 ሺህ ነበር፤ ከእነርሱ ቱርኮቹ ወደ 104 ሺህ፣ ከመቶ 18 ይሆናሉ። ደሴቲቱ ሁለቱንም ሕዝቦቿን አንድ ላይ የቆጠረችበት የመጨረሻው ጊዜ ይኸው ነው። ፕሬዚዳንቱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ፣ ምክትሉ ቱርክ፤ ከመንግሥት ሥራ 70 በመቶው ለግሪክ፣ 30 በመቶው ለቱርክ። ሕገ መንግሥቱ ዜጋው ከሁለቱ አንዱን እንዲሆን ግድ አለ፤ አርመኖቹና ማሮናውያኑ ሳይቀሩ መምረጥ ነበረባቸውና ከግሪኮቹ ጋር ተመደቡ። ይህ ሥርዓት ሦስት ዓመት ነው የቆየው። በታኅሣሥ 1963 ኒኮሲያ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። አንድ የብሪታንያ ጄኔራል በካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ ያሰመረው መስመር ዛሬም “አረንጓዴው መስመር” ይባላል። በመጋቢት 1964 የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ እንዲሰማራ ተወሰነ፤ እስከ አሁን አልወጣም።

በእነዚያ ወራት ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ቱርኮች 104 መንደሮችን ለቀው ሸሹ። ከደሴቲቱ 5 በመቶ በማይሞላ መሬት ላይ ተፋፍገው፣ በታጠቁ ወገኖቻቸው እየተጠበቁም እየተገዙም ዓመታት አሳለፉ። ግሪኮቹ እነዚህን ዓመታት ሲተርኩ ቶሎ ያልፏቸዋል፤ ታሪካቸው የሚጀምረው ከ1974 ነው። ቱርኮቹ ደግሞ እዚህ ላይ ይቆሙና 1974ን ቶሎ ያልፉታል።

የቶኽኒ ቱርኮች አልሄዱም። በ1964 አልሄዱም። በኅዳር 1967 ጄኔራል ግሪቫስ የመራው የብሔራዊ ዘብ ጦር በጎረቤት ኮፊኑንና አዮስ ቴዎዶሮስን ወግቶ ከ20 በላይ ቱርኮች ሲገደሉም መንደራቸው ቆዩ። ለምን? እርሻ ተጥሎ አይኬድም፤ አጨዳ አለ፤ ደግሞም ጎረቤት ጎረቤት ነው፤ “እኛን ምን ያደርጉናል” የሚባልበት ጊዜ ነው። በ1970 ከቀሩት 48 መንደሮች አንዷ ቶኽኒ ነበረች። በዚህ ቁጥር ውስጥ መገኘት ክብር ይመስላል። ኋላ እንደታየው አደጋ ነበር፤ ቀድሞ የሸሸው ተፋፍጎም ቢሆን ተረፈ።

ጁላይ 15 ቀን 1974 በአቴና ወታደራዊ መንግሥት የሚታዘዙ መኮንኖች ማካሪዮስን ገለበጡ። ጁላይ 20 የቱርክ ጦር በሰሜን ጠረፍ ወረደ። ተኩስ ቆመ፤ ጄኔቭ ላይ ድርድር ተደረገ፤ ድርድሩ ኦገስት 14 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ፈረሰና ጦሩ ሁለተኛውን ማጥቃት ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 8 ቀን 1966 መሆኑ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ከደሴቲቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያዘ።

በዚያው ቀን ኢዮካ ቢ የሚባለው የግሪኮች ድርጅት ታጣቂዎች ቶኽኒ ገቡ። የቶኽኒን፣ የዚጊንና የማሪን ቱርክ ወንዶች ሰበሰቡ። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ጀምሮ ሰባ ዓመት እስካለፈው አዛውንት ድረስ ነበሩበት። አውቶቡስ ላይ ጫኗቸው። ከሊማሶል በስተሰሜን ባለ ስፍራ አውርደው ተኮሱባቸው። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሬሳዎቹ ሥር ቆስሎ የተረፈ አንድ ሰው ነው ወሬውን ይዞ የወጣው።

በዚያኑ ቀን በደሴቲቱ ምሥራቅ፣ ማራታ፣ ሳንዳላሪስና አሎዳ በሚባሉ የቱርክ መንደሮች 126 ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕጻናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። በዚያው ሳምንት የቱርክ ጦር በያዛት አሲያ ደግሞ በርካታ ግሪክ ወንዶች ተይዘው ተወስደው በሕይወት አልተመለሱም። እነዚህን ጎን ለጎን የማስቀምጠው ሚዛን ለማስተካከል አይደለም። በቆጵሮስ አንዱን አንሥቶ ሌላውን የማያነሣ ሰው ሁሉ ለአንዱ ወገን እንደቆመ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም ቆሟል።

ቶኽኒ ውስጥ የቀሩት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ለዘመናት ሲያጭዱበት የኖሩትን ቀዬ ለቀው ወደ ሰሜን ተሻገሩ። ቤት ተሰጣቸው፤ ቩኖ ውስጥ። ቩኖ ባዶ ነበረች፤ ግሪኮቹ ነዋሪዎቿ የቱርክ ጦር ሲደርስ ወደ ደቡብ ሸሽተው ነበር። የሸሹት በብርድ ልብስ ብቻ፣ “ከሳምንት በኋላ እንመለሳለን” ብለው ነበር፤ ይህን ያላለ ተፈናቃይ አላጋጠመኝም፤ በማንበብም በመስማትም። የቶኽኒ ሴቶች ሲገቡ ምጣዱ ከምድጃው ላይ፣ የሰርግ ፎቶው ከግድግዳው ላይ ነበር። ባል የሞተባት ሴት አገሩን ለቆ የሄደ ሰው ቤት ገባች። መንደሯ “የመበለቶች መንደር” ተባለች። በ1831 ወንዱን ብቻ የቆጠረ መዝገብ ያችን መንደር በ1974 ቢቆጥራት ባዶ ነች ብሎ ባለፋት ነበር።

በአጠቃላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ160 ሺህ በላይ ግሪኮች፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከ40 ሺህ በላይ ቱርኮች ተፈናቀሉ። በኦገስት 1975 ቪየና ላይ በተደረሰ ስምምነት ደቡብ ውስጥ የቀሩት ቱርኮች በሰላም አስከባሪው እየታጀቡ ተወሰዱ። አራት መቶ ዓመት የተዘራ ነገር በአንድ ዓመት ታጨደ፤ አሁን “ቅይጥ” ተብላ የምትጠቀሰው በገለልተኛው ቀጣና ውስጥ ያለችው ፒላ ናት፤ ሁለት ሙክታር፣ ሁለት ቡና ቤት፣ ከአደባባዩ በላይ ደግሞ የሰላም አስከባሪ ማማ። ቱርኮቿ የሄዱባት ኮፊኑ ዛሬ መንግሥት ከሌላ አገር የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን የሚያሳርፍበት ጣቢያ አላት።

ቤቶቹስ? ይህ ጥያቄ ከሬሳዎቹ ይልቅ ፍርድ ቤት ያጨናነቀ ነው። በደቡብ የቱርኮቹ ንብረት በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ሆነ፤ ባለቤትነቱ የእነርሱ እንደሆነ ይነገራል፤ ጣሪያው ግን ይፈርሳል። የቶኽኒ የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ ታድሰው እንግዳ ይከራይባቸዋል፤ ጎብኚው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሸለቆውን ያያል። ፍርስራሽ ሆነው የቀሩት ግድግዳዎች የማን እንደነበሩ ግን የሚነግረው ሰው ከሌለ አያውቅም። በሰሜን ደግሞ ተፈናቃዩ ደቡብ ትቶት በመጣው ንብረት ልክ ነጥብ ተሰፍሮለት የግሪክ ቤትና መሬት በስሙ ተደረገለት። በሰሜን ያለው የቱርኮቹ መንግሥት የባለቤትነት ካርታ ሲሰጥ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1996 ሎይዚዱ በተባለች ግሪክ ጉዳይ የንብረቱ ባለቤት አሁንም እርሷ ናት አለ። ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቤት።

ኤፕሪል 23 ቀን 2003 የሽቦው በር ድንገት ተከፈተ። ሰዎች ፓስፖርታቸውን ይዘው፣ ሰልፉ ኪሎ ሜትር ሙሉ ሆኖ፣ የገዛ ቤታቸውን ሊያንኳኩ ሄዱ። ብዙ ቦታ በሩን የከፈተችው ሴት ቀድማ ታውቅ ነበር። “ግቡ” ብላ ቡና አፈላች፤ ከሳጥን ውስጥ ለ29 ዓመት አኑራው የነበረውን የሰርግ ፎቶ አወጣች። ያልከፈተም አለ። የመጣውም የተቀበለችውም የሚያወሩት ስለ ሎሚው ዛፍ ነበር፤ ማን እንደተከለው፣ አሁንም ያፈራ እንደሆነ። የታሽኬንት መበለት እንግዳዋን ስትሸኝ ወደ ቶኽኒ ሄዳ የራሷን ቤት ማየት ትችል ነበር፤ መንገዱ ተከፍቷል። የሄዱ አሉ፤ ከመንደሩ መግቢያ የተመለሱም አሉ።

የጠፉትን የሚፈልግ ኮሚቴ በ1981 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ተቋቁሞ ሃያ አምስት ዓመት ያህል በወረቀት ከኖረ በኋላ በ2006 መቆፈር ጀመረ። ዝርዝሩ 2,002 ሰው ይዟል፤ 1,510 ግሪክ፣ 492 ቱርክ። ቆፋሪዎቹም አጥንት የሚለዩት ባለሙያዎችም ከሁለቱም ወገን ናቸው። አጽሙ በተዘጋው የኒኮሲያ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ባለ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ የዘር ምርመራው እስኪደርስ የግሪክ ይሁን የቱርክ ማንም አያውቅም። ኮሚቴው ማን እንደገደለ እንዲናገር አልተፈቀደለትም፤ የሞቱን መንስኤም አይወስንም። ስም ብቻ ይመልሳል።

በ1974 በአውቶቡስ ከተወሰዱት የቶኽኒ ወንዶች መካከል አጽማቸው የተለየላቸው በትንሽ ሳጥን ሆነው ለቤተሰብ ተሰጡ። ሳጥኖቹ ተጭነው ወደ ሰሜን፣ በሽቦው ተሻግረው፣ ከተራራው ባንዲራ ሥር ወዳለችው መንደር ሄዱ። ሰላቱ ተሰገደ፤ አርባ ዓመት ገደማ የጠበቁ ሴቶች ቆመው ነበር። ሰዎቹ የተቀበሩት በስም ከተወለዱባት መንደር፣ በእግራቸው ግን ረግጠዋት ከማያውቋት ታሽኬንት ነው።